ሶኒ ዲስክ እየተወ ነው፤ የሐዋሳ ጌም ቤትስ ምን ይግዛ?

ሐዋሳ ላይ፣ አቶቴም ይሁን ፒያሳ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ልክፈት የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የማሽኑን ዋጋ ነው። ዋጋው ብቻውን ግን ያሳስታል። ኮንሶል (የጌም ማሽኑ) እንደ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ አምራቾቹ ማሽኑን በርካሽ አስገብተው ገንዘባቸውን ቆይተው ነው የሚለቅሙት። ከየት እንደሚለቅሙ ያላወቀ ባለቤት ዘወትር ከፋይ ይሆናል።

ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) በ2020 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ499 ዶላር ሲወጣ ሶኒ ይከስርበት ነበር። ኪሳራው መቆሙን ያሳወቀው በነሐሴ 2021 ነው። በዚያው ዓመት በጌም አምራቹ ኤፒክና በአፕል ክስ ላይ የመሰከረች፣ የማይክሮሶፍት ኮንሶል የሆነው የኤክስቦክስ ኃላፊ፣ ማይክሮሶፍት ከኮንሶሉ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ ለፍርድ ቤቱ ተናግራለች። ትርፉ ያለው በጌሙ፣ በወርኃዊ ክፍያውና በጆይስቲኩ ላይ ነው፤ በመደብራቸው በኩል ከሚሸጥ ጌም 30 በመቶ ገደማ ለራሳቸው ይቆርጣሉ።

ይህን ስሌት የሚያበላሽባቸው ዲስክ ነው። አንዴ የተሸጠ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለኩባንያው ሳንቲም አይደርሰውም። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋን ላይ ያገለገለ ዲስክን ሊገድብ ሞክሮ ነበር። ሶኒ ፒኤስ 4ን በ399 ዶላር፣ ከተፎካካሪው 100 ዶላር ቀንሶ፣ ዲስኩንም እንደልብ መዋዋስና መሸጥ ይቻላል ብሎ ሲያቀርብ ማይክሮሶፍት ዕቅዱን በዚያው ወር ሰረዘ። ያኔ ለዲስክ የተከራከረው ሶኒ በኅዳር 2024 ፒኤስ 5 ፕሮን በ699 ዶላር ሲያወጣ የዲስክ ማጫወቻ አልገጠመለትም።

ለሐዋሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዲስክ የማይቀበለው ዲጂታሉ ማሽን ሱቅ ላይ ረከስ ስለሚል ብዙ ሰው ያማልላል፤ ለጌም ቤት ግን አይሆንም። በፕሌይስቴሽን መደብር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ በሌላ አገር አካውንት ከፍቶ ካርድ ከነጋዴ በውድ መግዛት፣ ከዚያም 40 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ማውረድ ግድ ይላል። የተገዛው ጌም አካውንቱ ላይ ስለሚቀር አይሸጥም። የእግር ኳስ ጌም ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ይወጣል፣ የአምናውም ዋጋ ወዲያው ይወድቃል። ዲስክ የያዘ ሰው ነሐሴ ላይ ሸጦ የአዲሱን ዋጋ በከፊል ይሸፍናል።

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ቀጭኑ ፒኤስ 5 የሚነቀል ማጫወቻ አለው፤ ለብቻው ሲወጣ ወደ 80 ዶላር ነበር። ዲጂታሉን ገዝቶ ማጫወቻውን ቆይቶ ለመጨመር ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ማጫወቻው መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር ሲገናኝ ኢንተርኔት ይጠይቃል። ሻጩ ፊት አገናኝታችሁ፣ ዲስክ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ፒኤስ 4ስ? በፒኤስ 2 የወጣው የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው፣ በፒኤስ 3 ደግሞ ፊፋ 19። በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 (የፊፋ ጌም አዲሱ ስም ኤፍሲ ነው) አሁንም ለፒኤስ 4 አለ። ፒኤስ 3 የተተወው ተተኪው በወጣ በስድስተኛው ዓመት መሆኑን ስናስብ የፒኤስ 4 ተራም ሩቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ዋጋውን በአንድ ዓመት መመለስ አለበት። አንድ አጋማሽ 4 ደቂቃ ከተደረገ ጨዋታው ከቡድን መረጣና ከፖዝ ጋር 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 5 ጨዋታ ማለት ነው። ማሽኑ በቀን 6 ሰዓት ከተያዘ 30 ጨዋታ ይወጣዋል። ከዚህ ገቢ ኪራይና መብራት ተቀንሶ የማሽኑ፣ የቴሌቪዥኑና የሁለት ጆይስቲክ ዋጋ በ12 ወር የማይመለስ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። አጋማሹን 6 ደቂቃ ማድረግ ደንበኛን ያስደስታል፤ በሰዓት ግን 4 ጨዋታ እንኳ አይሞላም።

መሃል መንገድም አለ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ፒኤስ 5 ላይ የሚሠራው ለፒኤስ 4 ጌሞች ብቻ ነው። ፒኤስ 5 ገዝቶ የጌሙን የፒኤስ 4 ዲስክ የሚጠቀም ቤት ያሉትን ጆይስቲኮች ይዞ ይቀጥላል፤ ጊዜው ሲደርስ ማሽን አይቀይርም።

ጎረቤት ጌም ቤት ሲከፈት ብዙዎች ዋጋ ለመቀነስ ይሽቀዳደማሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት ውስጥ ተጫዋች "ጆይስቲኩ ነው ያሸነፈኝ" ካለ፣ ነገ የሚሄደው ደህና ጆይስቲክ ወዳለበት ነው። ሳይነካ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) ውስጡ ያለው የካርቦን መስመር ተበልቷል ማለት ነው። በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ማጠብ ለጊዜው ያስታግሳል፤ የተበላው ካርቦን ግን አይመለስም። ትክክለኛው መፍትሔ አናሎጉን መቀየር ነው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ከኋላው አራት ብሎን አለው፤ ሽፋኑ ሲነሳ የቻርጅ ሰሌዳው ስስ ሪባን አብሮ ስለሚመጣ በኃይል ከተሳበ ይበጠሳል። አንዱ አናሎግ 14 የብየዳ ነጥብ አለው፤ በቂ ሙቀት ሳይሰጠው ከተጎተተ የሰሌዳውን መዳብ ይዞ ይነሳል። የአር 2 ቁልፍ ስፕሪንግም ሲከፈት ይፈናጠራልና ቦታውን ፎቶ አንሱት።

በአንድ ክፍል ብዙ ማሽን ካለ ከጆይስቲክ ቅንብሩ ውስጥ መገናኛውን በዩኤስቢ ኬብል አድርጉት፤ አንዱ ጆይስቲክ የሌላውን ማሽን መቀስቀሱ ይቀራል። ኬብሉን ከጠረጴዛው ጋር እሰሩት፣ ሲጎተት ቀዳዳው እንዳይላላ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው የፒኤስ 4 ሃርድ ዲስክ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲሆን ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ማከማቻውን መፈተሽ ይጀምራል፣ በመጨረሻም ጌሙ እንደገና ይጫን ይላል። ለአንድ ቀጭን ፒኤስ 4ና ለ43 ኢንች ቴሌቪዥን 650 ቪኤ ዩፒኤስ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ፒኤስ 5 ግን ሲጫወት ወደ 200 ዋት ስለሚስብ ከፍ ያለ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶም ማጫወት የሚፈልግ ሰው ባትሪና ኢንቨርተር ነው የሚገዛው።