ነስራችን

ወንድሜ ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ እንደያዘው የሰማሁ ቀን ያልኩት አንድ ነገር ነው። «የኔን መቅኔ ውሰዱ።» የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን፤ ከእኔ ወዲያ ማን ይሰጠዋል? ሐኪሙ ግን አልቸኮለም። «ልጅ ሆናችሁ ነስር ያስቸግራችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴታ! እኔንም፣ እሱንም፣ አባታችንንም። ደሴ እያለን እናቴ አናታችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስና ሎሚ ታሸተን ነበር። «ሙቀት ነው» ይባላል። በቃ።

ሙቀት አልነበረም። ራንክስ ዋን የሚባል ጂን ላይ ያለ ስህተት ነው። ይህ ስህተት ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች በቁጥር ያሳንሳል፣ ሥራቸውንም ያበላሻል። በዚያ ላይ ለደም ካንሰር ያጋልጣል። ስህተቱ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጂኑ በቤተሰብ ከሚወረስ ሉኪሚያ ጋር መያያዙ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። አባታችን ከዚያ በፊት «ደም ማነስ ነው» እንደተባለ አርፏል።

የወንድሜን ምርመራ ከደሙ አልሠሩትም። ካንሰሩ ራሱ ያመጣው ለውጥ ከተወረሰው ጋር እንዳይምታታ ከክንዱ ትንሽ ቆዳ ወሰዱ። ከእኔ ደም ቀዱ። ሁለታችንም ላይ ተገኘ። እኔ እስካሁን ደህና ነኝ፤ ደሜን በየጊዜው እመረመራለሁ። ግን ያን ቀን እሺ ብለውኝ ቢሆን፣ ያንኑ ስህተት ከመቅኔዬ ጋር በእጄ መልሼ እሰጠው ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ይሄ ነው።

እርግጥ አብዛኛው ሉኪሚያ አይወረስም። የኛ ዓይነቱ ጥቂት ነው። ታናሽ እህታችን ነፃ ሆነች፣ መቅኔዋም ገጠመ። ያን ቀን ሦስታችንም አለቀስን።

ትናንት የአባቴን እህት ደወልኩላት።

«እትዬ፣ አያታችን ምን ሆነው ነው የሞቱት?»

«በዘራችን በሽታ የለም፣ ልጄ።»

አልፈረድኩባትም። እሷ ባደገችበት ዘመን ዘር ሳይጣራ ሴት ልጅ አትዳርም ነበር። የታመመ ይደበቃል፣ የሞተ «በድንገት» ይባልለታል። ስለ ወንድሜ ሁሉንም ነገርኳት። ልጆቿም መመርመር እንዳለባቸው ነገርኳት። ረጅም ዝም አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ ጥርሱን የተነቀለ ቀን» አለችኝ፣ «ደሙ ሲፈስ ነው ያደረው። እናቴ በነጠላዋ ስትጠርግ ነጋ።»

የዘር ምክር ባለሙያዋ የሰጠችኝን ወረቀት አውጥቼ ከአያቴ ስም አጠገብ ጻፍኩት።