30 ቀን ቀርቶታል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እጄ ለሥራ አልታዘዝ አለኝ። እንዲህ ባለ ቀን ኢሜይል ማጽዳት ሥራ የሠራሁ ያስመስልልኛልና እሱን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ላይ «የዶሜን ስምዎ ሊያልቅ 30 ቀን ቀርቶታል» የሚል መጣ። የድረ ገጼ አድራሻ ነው፤ ያ የቃላቱ ነገር።

ታውቁታላችሁ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ የማይገኙትን የእማዬን ቃላት የምሰበስብበት። ስሙን መጀመሪያ ከገዛሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቃላቱ አሥራ አንድ ናቸው። ከሥራቸው «በቅርቡ ይቀጥላል» ይላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ግን ያወጣሁት እኩለ ሌሊት ላይ፣ ልጁ ሳይጸነስ ነው። ሁሌም እንዲህ ነኝ። ሐሳብ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ስሙ ተይዞ እንደሆነ ነው። ካልተያዘ ግማሹን የጨረስኩ ያህል ደስ ይለኛል፤ ለሌላው ግማሽ የሚሆን ጉልበት ግን አብሮ ያልቃል።

ድሮ ቢያንስ በነፃ ነበር የምታለለው። ዶት ቲኬ (.tk)! አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚገባ የአገር ኮድ፤ የቶከላው ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ሦስት የኮራል ደሴቶች፣ 1,500 ገደማ ሰው። ይህችው ቦታ በአንድ ወቅት ከአገር ኮዶች ሁሉ ብዙ ስም የተመዘገበባት ነበረች፤ እንደ እኔ ያለው ሁሉ በነፃ እየዘገነ ስለሚሄድ። አጭበርባሪውም አብሮ ዘገነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ነፃው ምዝገባ ቆመ።

የእኔ ግን ቀድሞ ነው የሄደው። ጎብኚ ያነሰው ነፃ ስም ይወሰዳል ስለተባልኩ በየሳምንቱ በራሴ ስልክ፣ በወንድሜ ስልክ፣ በእማዬ ስልክ እየከፈትኩ ራሴን እጎበኝ ነበር። አንድ ቀን በእማዬ ስልክ ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ወጣ። መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ የምታድረው ይሄን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ርካሽ ማደን ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት በትልቁ ተጽፎ አንድ ዶላር፣ የማደሻው ደግሞ በደቃቅ ፊደል ከታች። ጓደኛዬ ሰ. ያኔውኑ መክራኛለች። «ኢዩ ዶት ኦርግ (eu.org) ሥር ስም ውሰድ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነፃ ይሰጣሉ፣ ብቻ ማመልከቻውን ሰው እያየ ስለሚያጸድቀው ታገሥ። ካልሆነም ዶት ኤክስዋይዚ (.xyz) ላይ ቁጥር ብቻ የሆነ ስም ግዛ፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ በዓመት 99 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ሲታደስም ያው።»

«ቁጥር ማን ያስታውሳል?»

«ማን ሊመጣ ነው?»

(እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ እኮ ዶት ኮምም ነፃ ነበር። በዚያ ዓመት ነው ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል የተጀመረው። ያኔ ደርሼ ቢሆን ኖሮ አርባ ስም ከአርባ ባዶ ገጽ ጋር ይኖረኝ ነበር።)

ካቻምና የካርዴ ጊዜ አልፎ ክፍያው ሳይሄድ ቀረ። ሳውቅ ስሙ ባለቤቱ ብቻ ሊያስመልሰው የሚችልበት 30 ቀን ውስጥ ገብቷል፤ ለማስመለስ የሚጠየቀው ደግሞ ከማደሻው ብዙ እጥፍ ነው። እልህ ያዘኝና ተውኩት። ከዚያ የመሰረዣው 5 ቀን መጣ፤ እሱ ሲያልቅ ስሙ ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። አንዱ አድፍጦ ይነጥቀኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ የተለቀቀበትን ሌሊት ግን ተኝቼ አሳለፍኩት። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ረሳሁት። ከአራት ወር በኋላ ትዝ ሲለኝ ስሙ እዚያው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ፣ እንደ አዲስ። ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ይኸው አሁንም እንዳይወስዱብኝ ልከፍል ነው። እነማን?

ትናንት እማዬ በስልክ አንድ ቃል ጣል አድርጋ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ይሆናል፣ ነገ አስገባዋለሁ ብዬ ሳልጽፈው ተኛሁ። ምን ነበር ያለችው?