ቅርጫ የገባንበት እንቁጣጣሽ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

በ1983 ደርግ ሲወድቅ ገና ዳዴ የምል ልጅ ነበርኩ። ያደግኩት ኮተቤ፣ ወደ ካራ በሚወስደው በኩል ነው። ያኔ ሰፈራችን የከተማ ዳር ነበር። አደይ ለመልቀም ሩቅ አንሄድም፤ ከአጥራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ቢጫ በቢጫ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ እኛ ወንዶቹ በከለር የቀባነውን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘን በየቤቱ እንዞራለን።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ቅርጫው ነው። በሬው ታርዶ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል። የሚመድቡት ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። የቀድሞ ወታደር ናቸው። ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ የቀን ሥራ እየሠሩ ልጆች ያሳድጉ ነበር። ከጉበቱም ከጨጓራውም ለሁሉም መደብ ጣል ያደርጋሉ። አንዱ ያነሰ ከመሰላቸው ከሌላው ቆርጠው ይጨምራሉ። ሰው ቢቸኩልም እሳቸው አይቸኩሉም። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ብር ያልሞላላት ጎረቤትም መደቧን ይዛ ትገባለች፤ ሲመቻት ትከፍላለች።

ስለ ጦርነት ስንጠይቃቸው "እናንተ አትዩት ብቻ" ይሉናል። እኛም ጦርነት የወላጆቻችን ዘመን ነገር መስሎን አደግን። በ1990 ባድመ መጣ። የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ ጋሼም ሄዱ። በዚያ ዓመት መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ቅርጫውን ሌላ ሰው መደበ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸው በሕይወት ተመለሱልን። የ2013ቱ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ እኔ ራሴ የልጆች አባት ነበርኩ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የጋሼን መልስ ልደግምላቸው ፈለግኩ፤ ግን በየቀኑ በቴሌቪዥን እያዩት ነበር።

ድህነቱ አይናፍቀኝም። እናቴ ውኃ በጀርባዋ የተሸከመችበትን ዘመን ማን ይመኛል? ከ2008 ጀምሮ ባቡሩ አያት ድረስ ይመጣል። ውጭ ያለችው እህቴ በዓል ሲሆን በስልክ ፊቷን ታሳየናለች፤ እናቴም ስክሪኑን ትስማለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች ከሉካንዳ ኪሎ ሥጋ ገዝተው፣ በር ዘግተው በዓል ያሳልፋሉ። ከጎናቸው ያለው ቤት ምጣድ ይጣድ አይጣድ አያውቁም።

ዘንድሮ በብሎካችን ሰው አሰባስበን ቅርጫ ገብተናል። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት አንድ አባት መመደቡን ተቀብለዋል። አንድ መደብም በጋራ ከፍለን፣ ዘንድሮ ላልሞላለት ጎረቤት አስቀምጠናል።

ከቤት ንብረታችሁ ተፈናቅላችሁ በዓሉን በመጠለያ የምትውሉ ወገኖቼ፣ ዓመቱ ወደ ቀያችሁ የምትመለሱበት ይሁንላችሁ። መልካም እንቁጣጣሽ!