ለጎብኚ ያልተሠራው ክፍል

ቅዳሜ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወዳለችው ሞንቴሬይ ከተማ፣ የባሕር ፍጥረታት በገንዳ ወደሚታዩበት አኳሪየም ሄደን ነበር። መንገዱ ካልተዘጋጋ ከሳን ሆዜ ብዙም አይርቅም። ልጆቹ ዓሣ ለማየት፣ እኔ ቧንቧ ለማየት። ባለቤቴ "ቅዳሜም ሥራ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን ላድርግ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሕንፃ ቧንቧና ፓምፕ ስስል የምውል ሰው ነኝ።

አኳሪየሙ የቆመው የድሮው የሆቭደን ሰርዲን ፋብሪካ ቦታ ላይ ነው። ከመጠን ያለፈ ማጥመድና የባሕሩ ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ተደማምረው ሰርዲኑን አጠፉት፤ ፋብሪካዎቹም በየተራ ተዘጉ። ሆቭደን እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) ቆየ። የኤችፒ (የኮምፒውተር ኩባንያው) መሥራች ዴቪድ ፓካርድና ባለቤቱ ሉሲል ገንዘቡን ሰጥተው አኳሪየሙ በ1984 ተከፈተ። የፋብሪካው ትልልቅ ቦይለሮች ዛሬም መግቢያው አጠገብ አሉ።

እኔን የገረመኝ ድፍረታቸው ነው። ሲከፍቱት ያሳዩት የዚያችኑ የሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ፍጥረታት ነበር። እኔ የማውቀው ደንበኛ ቢሆን "ከየአገሩ የሚያብረቀርቅ ዓሣ አምጡልኝ" ማለቱ አይቀርም።

የኬልፑ ገንዳ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ኬልፕ እንደ ዛፍ የሚረዝም የባሕር አረም ነው። ገንዳው ወደ 8.5 ሜትር ይቆማል፤ ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ፀሐይ እንዲገባ ከላይ ክፍት ነው። ኬልፕ ደግሞ የረጋ ውሃ አይስማማውም፤ ምግቡን የሚያመጣለት የውሃው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ውሃውን እየገፋ ማዕበል የሚፈጥር ማሽን ተሠራለት፤ መሐንዲሱ ፓካርድ ራሱ የደከመበት ነው። ማሽኑ በገፋ ቁጥር አረሙ፣ ዓሣው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። ትንሿ ልጄ "ዥዋዥዌ እየተጫወቱ ነው" አለች።

ግን ልቤን የወሰደው ሌላ ነው። ውሃው ከባሕሩ በቀጥታ በፓምፕ ይሳባል። ቀን ቀን ተጣርቶ ይገባል፣ ሰው አጥርቶ እንዲያይ። ማታ በሩ ሲዘጋ ሳይጣራ እንዳለ ይለቁታል። ያኔ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት እንቁላሎችና እጮች አብረው ይገባሉ። ገንዳ ውስጥ ላሉት ቀለብ ይሆናሉ፤ የተረፉት ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ማንም ገዝቶ ያላመጣቸው ነዋሪዎች! በእኛ ሙያ ቧንቧ ውስጥ ነገር በቀለ ማለት ስልክ ሲጮህ ማደር ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አስበውበት ዲዛይን አደረጉት።

የባሕር ኦተሮቹም ጉዳይ ከዚሁ አይርቅም፤ ኦተር ባሕር ውስጥ የሚኖር ባለ ወፍራም ፀጉር አጥቢ እንስሳ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለፀጉራቸው ሲባል ታድነው ሊያልቁ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ኬልፑን የሚግጠውን እሾሃም የባሕር ጃርት የሚበሉት እነሱ ናቸው። እናቱን ያጣ ግልገል ሲገኝ አኳሪየሙ ውስጥ ያለች፣ ወደ ባሕር የማትመለስ እንስት ኦተር ታሳድገዋለች፤ አደን ታስተምረዋለች፤ ከዚያ ይለቀቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጎብኚ ዓይን ውጪ ነው። ሠራተኞቹ እንኳ ግልገሉ ሰው እንዳይለምድ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ጥቁር ካባ ለብሰው ነው የሚጠጉት። እንግዲህ ቲኬቱ ኪስ ይጎዳል፤ የከፈልኩት ለማላየው ክፍልም መሆኑን ሳውቅ ግን ንዴቴ በረድ አለ።

ይህን ለልጄ ሳስረዳት "ታዲያ ካደገ በኋላ ማን እንዳበላው አያውቅም?" አለችኝ።

"አያውቅም።"

"ይሄማ ልክ አይደለም" ብላ እስከ መኪናው ድረስ ስትከራከረኝ ሄደች።