መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጠዋቱ ነው

ከመጠን በላይ እበላለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው ፊቴ የሚቀመጠው። «ሆዳም ሆኛለሁ» ይለኛል። በሥነ ምግብ ምክር ሥራዬ እንደዚህ ቃል አንጀቴን የሚበላው የለም። ማታ ስለበላው ከመጠየቄ በፊት ጠዋትና ቀን ምን እንደበላ እጠይቃለሁ።

አንዲት ሴት ነበረች። ቁርስ አትበላም፣ ክብደት ልቀንስ ብላ ምሳም ትዘላለች። ማታ ልጆቿ ሲተኙ የወጥ ቤቱን መብራት ሳታበራ፣ የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ፣ እዚያው ቆማ ትበላለች። ከተቀመጠች «መብላት» ይሆንባታል። ሆዷ ተወጥሮ እስኪያማት አታቆምም፤ ከዚያ ታለቅሳለች።

ደብተር ሰጠኋት፦ ሰዓቱን፣ የበላችውን፣ ከመብላቷ በፊት ረሃቧ ከ10 ስንት እንደሆነና ስሜቷን እንድትጽፍበት። በሳምንቱ አብረን ስናየው አምስቱን ምሽት ረሃቧ 9 እና 10 ነው። ቀኑን ሙሉ የተከለከለ ሰውነት ማታ ዕዳውን ሲያስከፍል ይህን ይመስላል። በቀሩት ሁለት ምሽቶች ግን ረሃቧ 2 ነበር፤ ከጎኑ «ብቻዬን ነኝ» ብላ ጽፋለች። እነዚህን ቁርስ አይፈታቸውም፤ ለብቻቸው ብዙ አወራንባቸው።

እንቅልፍ ማጣትም አለ፤ ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን ሊጨምር፣ የጥጋቡን ሌፕቲን ሊቀንስ ይችላል። ሆድ መጥገቡን አንጎል በደንብ እስኪያውቅ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ሳህን ይቀድመዋል። ምግቡም ራሱ ይገፋፋል። በ2019 በታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥናት፣ 20 ሰዎች የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ በቀረበላቸው ሁለት ሳምንታት፣ ያልተቀነባበረ ምግብ ከቀረበላቸው ሁለት ሳምንታት ይልቅ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ታዲያ «ራስህን ግዛ» ብሎ ብቻ ሰውን መሸኘት በጣም ያናድደኛል።

ሳይርበው የሚበላ፣ ተጣድፎ የሚውጥ፣ ተደብቆ የሚበላ፣ በልቶም ራሱን የሚጸየፍ ሰው ከአመጋገቡ ጋር ችግር እንዳለበት ምልክት እያሳየ ነው። ማቆም እያቃተው ብዙ የሚበላበት ጊዜ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለ3 ወር ከተደጋገመ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። እንዲህ ላለ ሰው ጥብቅ የክብደት መቀነሻ ዝርዝር አልሰጥም፤ ክልከላው ሊያባብስበት ይችላል።

ሴትዮዋ ቁርስ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ደብተሯን ይዛ መጣች። ማክሰኞ ማታ፣ ረሃብ 5። ከሥሩ «መብራት አብርቼ፣ ተቀምጬ በላሁ» ይላል።