የአዞ ዘመድ በሱባ ጫካ

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚሄደው ሚኒባስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞልቶ ተነሳ። ከሰበታ ወዲያ ግን ተበሳጨሁ፤ ባለሞተሩ እንግዳ መሆኔን ሲያይ ሂሳቡን እጥፍ አደረገው፣ ስንከራከርም ወፍ የሚታይበት ማለዳ አለፈ።

ጫካው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ከሚባል ጫካ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገርለታል። መግቢያው ላይ ያገኘኋቸው አረጋዊ ጥበቃ፣ ቆቅ ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ድምፁን ተከትለህ አትሩጥ፤ አፈሩን እይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቆቅ ምግቡን በእግሩ እየጫረ ነው የሚፈልገው፤ የደረቀው ቅጠል ተገልብጦ እርጥብ አፈር ከታየ ወፉ ሩቅ አይደለም። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፣ ከወይራው ሥር ወጣ።

በመነጽር እግሩን ስታዩት ቅርፊቱ ተደራርቦ ልክ የአዞ ቆዳ ይመስላል። አዞን የእንሽላሊት ታላቅ ወንድም የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ግን የአዞ የቅርብ ዘመድ ወፍ ነው። የአዞ ልብ እንደ ቆቅ ልብ አራት ክፍል አለው፤ የእንሽላሊት ሦስት ነው። ሁለቱም ጠጠር ይውጣሉ፤ የዶሮ ሆድ ዕቃ ያጸዳ ሰው ያንን ጠጠር ያውቀዋል።

አዋሽ ከዚሁ ደጋ ይነሳል፣ አዞው ግን ታች ቆላ ነው ያለው። ብርዱ አያኖረውም፤ እንቁላሉም ሙቀት የሚያገኘው ከአሸዋው እንጂ ከእናቱ ገላ አይደለም። ከ25 እስከ 80 እንቁላል ቀብራ ሦስት ወር ገደማ ትጠብቃለች። ሙቀቱ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሲሆን ወንዶች ይበዛሉ፣ ከዚያ ሲያንስም ሲበልጥም ሴቶች። ቆቅ መሬት ጭራ በሠራችው ጎጆ ሦስት ሳምንት ገደማ ራሷ ትታቀፋለች።

እንቁላል አያያዝ ላይ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ቆቅ እንቁላሏን በየጊዜው ካላገላበጠች ፅንሱ ከቅርፊቱ ተጣብቆ ይሞታል። የአዞ ፅንስ ግን መጣበቅ አለበት፤ አንድ ቀን ካለፈው በኋላ ቢገለበጥ ይሞታል። እርባታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከማንሳታቸው በፊት የእንቁላሉን አናት በእርሳስ ምልክት የሚያደርጉበት ለዚህ ነው።

መፈልፈያው ሲደርስ የሁለቱም ግልገሎች ከቅርፊቱ ውስጥ ይጮኻሉ። አዞዋ ድምፁን ሰምታ አሸዋውን ትቆፍርና በአፏ ተሸክማ ውኃ ታስገባቸዋለች፤ የቆቅ ጫጩቶች በእግራቸው እናታቸውን ይከተላሉ።