የወርቁን ትታችሁ የጨውን ጠይቁኝ

ባለፈው ሐሙስ የእህቴ ልጅ ሱቄ መጣ። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው፤ ሂርማታ መርካቶ መተላለፊያ የለውም። እሱ ግን ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅኖ፣ "አጎቴ፣ ከኖሩት ሰዎች ሁሉ ሀብታሙ የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ ነው፣ ታውቃለህ?" አለኝ።

አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1324 ለሐጅ ሲሄድ ካይሮ ላይ ወርቁን እንደ እህል በተነው። አል-ዑመሪ የሚባል ጸሐፊ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ የካይሮን ሰዎች ጠይቆ ጽፏል። ሙሳ ከመምጣቱ በፊት አንድ ምስቃል ወርቅ (አራት ግራም ተኩል የማይሞላ ሚዛን) ከ25 ዲርሃም፣ ማለትም ከ25 የብር ሳንቲም፣ አይወርድም ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ከ22 አልወጣ አለ። ሲመለስ ደግሞ ስንቅ አልቆበት ከካይሮ ነጋዴዎች ተበደረ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ ይህን አይናገርም።

እኔ ግን የምሸጠው ጨው ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ እርድ፣ ኮረሪማ። ስለዚህ ወርቁን ትቼ ስለ ጨው ነገርኩት።

ሰሐራ መሃል ታጋዛ የሚባል ቦታ ነበር። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ1352 ከሞሮኮዋ ሲጂልማሳ ተነሥቶ በ25 ቀን ደረሰበት። ዛፍ የለም። አሸዋና ጨው ብቻ። ቤቱም መስጊዱም የተሠራው ከጨው ድንጋይ ነው፣ ጣራው የግመል ቆዳ። ውኃው ጨው ጨው ይላል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም። እዚያ የሚኖሩት ጨው ቆፋሪ ባሪያዎች ናቸው። የሚበሉት ተምር ከሰሜን፣ ዘንጋዳው ከደቡብ በግመል ይመጣላቸዋል። ቅፍለቱ ቢዘገይ ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

ከዚያ ጉድጓድ የወጣ አንድ የግመል ጭነት ጨው በረሃው ደቡብ ጫፍ ያለችው ወላታ ከተማ ሲደርስ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ ያወጣል። ማሊ ከተማ ሲገባ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40። ጨውን ቆራርጠው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበታል።

እዚህ ላይ ተነሥቼ የአያቴን አሞሌ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ቅድመ አያቷ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ከሳቸው የቀረው እሱ ብቻ ነው። ርዝመቱ ስንዝር ትንሽ ያልፋል። መሃሉ ወፍሮ ሁለቱ ጫፎቹ ይሾላሉ፣ የቢላ መሳያ ድንጋይ ነው የሚመስለው። አንድ ጥጉ ተሸርፏል። ክረምት ሲገባ ስለሚያልበው አያቴ ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር፤ ጭሱ አጥቁሮታል። ልጅ ሳለሁ ስልሰው አግኝታኝ፣ "ገንዘብ ይላሳል?" ብላ ተቆጣችኝ።

እውነቷን ነው። ገንዘብ ነበር። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ በአጋሰስና በበቅሎ ጎጃም ባሶ ገበያ ደርሶ፣ አባይን ተሻግሮ ነው ጊቤ የሚገባው። በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ማሊም እኛም ጋ ያው ሕግ ነው፤ ከጨዉ ይልቅ መንገዱ ነው ዋጋ ያለው።

ንጉሥ ደግሞ መንገዱ ላይ ኬላ አለው። ከማሊ በፊት የነበረው የጋና ንጉሥ (የዛሬዋን ጋና አይደለም) ለሚገባ አንድ የአህያ ጭነት ጨው 1 ዲናር ወርቅ ቀረጥ ይቀበል ነበር፤ ሲወጣ 2። ይህን አል-በክሪ የሚባል የጂኦግራፊ ጸሐፊ በ1068 ጽፎታል። ከማዕድኑ የሚወጣው እንክብል ወርቅ የንጉሡ ነው፣ ዱቄቱ የሕዝቡ። የሙሳም ግመሎች በአንድ ቀን አልተጫኑም። የስንት መቶ ዓመት ቀረጥና ግብር ነው።

የሃይማኖቱ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል። አል-በክሪ መለል ስለሚባል አገር ንጉሥ ይተርካል። ድርቅ ገባ። ከብት ታረደ፣ መሥዋዕት ቀረበ፣ ዝናብ የለም። አንድ ሙስሊም እንግዳ ንጉሡን አስተምሮ፣ አስታጥቦ፣ ሌሊት ኮረብታ ላይ ይዞት ወጣ። እንግዳው ይሰግዳል፣ ዱዓ ያደርጋል፤ ንጉሡ "አሚን" ይላል። ሊነጋጋ ሲል ዘነበ።

እስልምና እኛም ጋ በጦር አልመጣም። ጀበርቲ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴዎች ከሰሜን ከአሞሌያቸውና ከጨርቃቸው ጋር መጡ፣ ሰው ቤት አደሩ፣ ሰገዱ፣ ልጆች አስቀሩ። የጊቤ ነገሥታት እነሱን እያዩ ነው የሰለሙት፤ የጅማው ንጉሥ ቀዳማዊ አባ ጅፋርም እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ። ጂሬን ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለው መስጊድ ስገባ ያ እንግዳ ትዝ ይለኛል። የጫማውን አቧራ አራግፎ፣ ውኃ ለምኖ፣ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረ አንድ ደክሞት የመጣ ነጋዴ።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በዚያው መንገድ ሰውም ተሸጧል። በሰሐራም፣ እዚሁ ሂርማታም። ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጎን ልጆች ታስረው ቆመዋል። ዛሬ በርበሬ የማሰጣው በዚያው ገበያ ነው። ገዢውም ሻጩም ሰጋጆች ነበሩ፤ ይህ ያመኛል። ስለ ሙሳ ወርቅ የሚያወሩ ሰዎች አብረውት በረሃውን በእግራቸው ያቋረጡትን ባሪያዎች ቢያነሡልኝ ደስ ይለኛል።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከቶ አሞሌውን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ የሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። 640 ግራም።

"ማሊ ቢሆን በወርቅ ስንት ያወጣ ነበር?" አለኝ። እያሰላሁ እያለ አንዲት እናት ግማሽ ኪሎ ጨው ጠየቁኝ፤ አሞሌውን ከሚዛኑ አነሣሁ።

"ታጋዛስ ላይ?"

"ታጋዛ ላይማ ግድግዳ ነው" አልኩት፣ ጨዉን እየሰፈርኩ።